ደረሰኙን ስትደምሩ ቀኑንም እዩ፦ ሞዲፋይ የተደረገ ስፖርት መኪና ገዝቼ የተማርኩት

መኪናዋን ለማየት ስደርስ ሞተሯ ሞቆ ጠበቀኝ። "አሁን ትንሽ ነዳ ነዳ አድርጌያት መጣሁ" አለኝ ሻጩ። ምንም አልመሰለኝም። ኮፈኑን ሲከፍተው ልቤ ተሰለበ። ባለ 2.5 ሊትር ቱርቦ ሞተር (አየር በግፊት የሚገባለት)፣ በአራቱም እግሯ የምትነዳ፣ ቆማ እንኳ የምትሮጥ የምትመስል መኪና ናት። የአምራቿን ስም አልጠራም፤ ኋላ ላይ የደረሰው ጥፋት የእሱ አልነበረምና።

ሻጩ ጥሩ ሰው ነው። ዛሬም ዋሸኝ ብዬ አላስብም። ወፍራም ፖስታ አውጥቶ ሰጠኝ። ውስጡ በሙሉ ደረሰኝ ነው። ከፋብሪካው የሚበልጥ ኢንተርኩለር (ከቱርቦው የሚወጣውን አየር የሚያበርድ)፣ ሙሉ የጭስ ማውጫ መስመር፣ ከፍታው የሚስተካከል ሾክ፣ ቀላል ቸርኬ፣ ጠንካራ ፍሪሲዮን፣ የሞተሩ ኮምፒውተር ላይ የተጫነ ቱን (ሞተሩ እንዴት እንደሚሠራ የሚያዝ ፕሮግራም)፣ ሰፊ የአየር መሳቢያ። እዚያው ቆሜ በስልኬ ደመርኳቸው። ድምሩ ሻጩ ከጠየቀው ጭማሪ በሦስት እጥፍ ይበልጣል። "ይሄማ በነጻ እንደማግኘት ነው" አልኩ በልቤ። በማግስቱ ከፈልኩ።

በአራተኛው ወር ሞተሩ አለቀለት።

ፖስታው ውስጥ የማወቅ ዕድል ነበረኝ። ሁሉም ነገር እዚያው ተጽፏል። እኔ ግን ዋጋውን ደመርኩ እንጂ ቀኑን አላየሁም። ወደዚያ እመለሳለሁ። መጀመሪያ የዋጋውን ነገር ልጨርስ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

ገንዘብ በየአገሩ ስለሚለያይ በመቶኛ ልንገራችሁ። ያንኑ ሞዴል፣ ያንኑ ዓመተ ምርት፣ ተቀራራቢ ኪሎሜትር የሄደችና ምንም ያልተነካካች መኪና ዋጋ 100 እንበል። ሻጩ 118 ጠየቀኝ፣ በ115 ተስማማን። ደረሰኞቹ ሲደመሩ 54 ገደማ ይሆናሉ። የኔ ስሌት ይህ ነበር፦ 100 ሲደመር 54፣ 154። በ115 ከገዛኋት 39 አተረፍኩ።

ይህ ስሌት ከሥሩ የተበላሸ ነው። ዕቃ አንዴ ከተገጠመ ያገለገለ ዕቃ ነው። ነቅላችሁ ብትሸጡት ጥሩ ከሆነ ግማሽ ዋጋውን ታገኛላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ከዚያም ያንሳል። ለገጣሚው የተከፈለው የእጅ ዋጋ ተመልሶ አይመጣም። ቱኑ ደግሞ የተሠራው ለዚያች መኪና፣ ለእነዚያ ዕቃዎች፣ ለዚያ ነዳጅ ነው። ሌላ መኪና ላይ ዋጋ የለውም። ላዩ ላይ ደግሞ ገዢው ይቀንሳል። ያልተነካካች መኪና ሁሉም ሰው ይፈልጋታል። ዝቅ ያለች፣ የምትጮህ፣ ፍሪሲዮኗ እግር የሚያደክም መኪና የሚፈልጋት ጥቂት ሰው ነው። ገዢ ሲያንስ ዋጋ ይወርዳል። እናንተም አንድ ቀን ሻጭ ትሆናላችሁና ይህን አስቡት።

አንዳንድ መኪኖች ላይማ ሞዲፋይ መደረግ ቀጥታ ዋጋ ይቀንሳል። የአራተኛውን ትውልድ ቶዮታ ሱፕራ፣ ኒሳን ስካይላይን ጂቲ-አር አር 34ን፣ ሆንዳ ኤስ 2000ን ተመልከቱ። ሳይነኩ የቀሩት እያነሱ ስለሄዱ ሰብሳቢዎች የሚያሳድዱት እንደ ፋብሪካው የቆየችውን ነው። እንደዚህ ዓይነት መኪና ላይ ኦሪጅናል ዕቃዎቹ ከጠፉ፣ የተገጠሙት አዲሶች ምንም ያህል ቢያምሩ ለእኔ ቅናሽ ናቸው።

ስለዚህ አሁን ስሌቱን በሌላ መንገድ ነው የምሠራው። ካልተነካካችው መኪና ዋጋ እነሳለሁ። ከዚያ እቀንሳለሁ። ኦሪጅናል ዕቃው ከሌለ መልሼ ለመግዛት የሚያስወጣኝን እቀንሳለሁ። ቀኑ ያለፈበት ሰርቪስ ካለ እቀንሳለሁ። ያለቀ ጎማ፣ ያለቀ ፍሬን፣ ማስረጃ የሌለው የታይሚንግ ቤልት (የሞተሩን ቫልቮችና ፒስተኖች የሚያስማማው ቀበቶ) ቅያሪ፣ ሁሉንም እቀንሳለሁ። የምጨምረው በመጨረሻ ነው። ለዚያውም እኔ ራሴ ገዝቼ ላስገጥማቸው ለነበሩ ዕቃዎች ብቻ፣ ባገለገለ ዕቃ ዋጋ። የኋላ ክንፍ ካልወደድኩ ለክንፍ አልከፍልም።

ያችን የመጀመሪያዋን መኪና በዚህ ስሌት ብመዝናት ይህን ይመስላል። መነሻ 100። የጭሱን መርዝ የሚያጠራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ተነቅሎ ወጥቷል፣ ኦሪጅናሉ የጭስ መስመርም የለም፦ 8 ይቀነስ። አራቱ ጎማዎች የሁለት ፋብሪካ ናቸው፣ ጥርሳቸውም እኩል አይደለም፦ 4 ይቀነስ። ታይሚንግ ቤልቱ መቀየሩን የሚያሳይ ወረቀት የለም፦ 5 ይቀነስ። ሾኩንና ፍሪሲዮኑን እኔም እፈልጋቸው ነበር፦ 9 ይጨመር። 92 ወጣ። የከፈልኩት 115 ነው። ይህ እንግዲህ ሞተሩ ጤነኛ ነው ብለን ነው።

ጎማውን ንቃችሁ እንዳታልፉት። በአራቱም እግሯ የምትነዳ መኪና ላይ የጎማዎቹ ዙሪያ እኩል ካልሆነ መሃል ያለው ዲፍረንሻል (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ እግሮች የሚያካፍለው) ቀጥ ባለ መንገድ ላይም እረፍት አያገኝም። ሳያቋርጥ ልዩነቱን ሲያስታርቅ ይውላል፣ ይሞቃል፣ ያልቃል። አምራቾች በጎማዎቹ መካከል የሚፈቅዱት የጥርስ ልዩነት በጣም ትንሽ ነው፣ ከ2 ሚሊሜትር ብዙም አይርቅም። መለኪያ ይዛችሁ ሂዱ። ኪስ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው።

አሁን ወደ ፖስታው።

ሞተሩ ድምፁን ሲቀይር መኪናዋን የወሰድኩት አንድ የቆዩ መካኒክ ጋር ነበር። ዕድሜያቸውን በሙሉ ቱርቦ ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን የሚጨምቅበትን ግፊት፣ ለኩ። አንደኛው ሲሊንደር 140 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው)፣ ሁለተኛው 138፣ ሦስተኛው 141። አራተኛው 92። ሲከፈት የአራተኛው ፒስተን የሪንግ (ፒስተኑን ዙሪያውን የሚደፍነው ቀለበት) መቀመጫ ተሰብሮ ተገኘ። ስብርባሪው የሲሊንደሩን ግድግዳ ቧጥሮታል።

"ወረቀት አለህ?" አሉኝ። ፖስታውን ሰጠኋቸው። ዋጋውን አንድም ጊዜ አላዩትም። ደረሰኞቹን ጠረጴዛው ላይ በቀን ቅደም ተከተል ደረደሯቸው። ከዚያ ሁለቱን በጣታቸው ነኩ። ቱኑ የተሠራው በመጋቢት ነው። ሰፊው የአየር መሳቢያ የተገዛው በነሐሴ ነው። ከነሐሴ በኋላ ሌላ የቱን ደረሰኝ የለም።

"ልጄ፣ ልብሱ የተሰፋው ለሌላ ገላ ነው" አሉኝ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ ላስረዳ፤ ቱርቦ መኪና የምትገዙ ከሆነ ከዚህ ጽሑፍ ሁሉ ይህ ክፍል ይጠቅማችኋል። የቤንዚን ሞተር አየርና ነዳጅን በልክ ቀላቅሎ ያቃጥላል። በመደበኛ ጉዞ ልኩ በክብደት 14.7 እጅ አየር ለ1 እጅ ነዳጅ ነው። ቱርቦ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ ግን ነዳጁ ይወፍርለታል፤ ከ11 እስከ 12 እጅ አየር ለ1 እጅ ነዳጅ አካባቢ ይሆናል። ትርፉ ነዳጅ የሲሊንደሩን ውስጥ ያበርደዋል። ነዳጁ ከሳሳ ግለቱ ይጨምራል። ድብልቁም በሥርዓት መንደዱን ትቶ በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። ኖክ የሚሉት ይህን ነው። ፒስተኑን በመዶሻ እንደመምታት ነው። በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይመታል።

ኮምፒውተሩ ምን ያህል ነዳጅ እንደሚረጭ የሚወስነው በገባው አየር መጠን ነው። በእንዲህ ያሉ መኪኖች ላይ አየሩን የሚለካው በመሳቢያው ቱቦ ውስጥ የተሰካ አንድ ሴንሰር ነው። ሴንሰሩ የሚያውቀው አጠገቡ የሚያልፈውን አየር ብቻ ነው። ቱቦው ሲሰፋ ያው መጠን አየር ቀስ ብሎ ያልፋል። ሴንሰሩም ትንሽ አየር ገባ ይላል። ኮምፒውተሩ ያምነዋል። ነዳጁን ይቀንሳል። ስለዚህ ቱቦው ሲቀየር ቱኑም አብሮ መስተካከል አለበት። የኔዋ ላይ አልተስተካከለም።

ታዲያ እንዴት ወራት ቆየች? ረጋ ብላችሁ ስትነዱ ጉድለቱ አይሰማም። ጭስ ማውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር የነዳጁን መሳሳት አይቶ ያርማል። ችግሩ የሚመጣው ነዳጅ እስከ ወለል ሲረገጥ ነው። ያኔ ብዙ መኪኖች እርማቱን መከታተል ትተው በተጻፈላቸው ሠንጠረዥ ይሄዳሉ። ሠንጠረዡ ደግሞ የተጻፈው ለጠባቡ ቱቦ ነው። እኔ ስፖርት መኪና የገዛሁት አልፎ አልፎ ነዳጅ እስከ ወለል ለመርገጥ ነው። በረገጥኩ ቁጥር ፒስተኑን እየሰበርኩት ነበር።

እያንዳንዱ ዕቃ ጥሩ ነበር። ኢንተርኩለሩ ጥሩ ነው፣ አየር መሳቢያው ጥሩ ነው፣ ቱኑን የሠራው ሰው ሥራውን ያውቃል። ያጣላቸው ቀኑ ነው። ሞተሩን መልሶ ማደስ 47 ፈጀብኝ፣ ያልተነካካችው መኪና ዋጋ 100 ከሆነ። ከገንዘቡ በላይ ያመመኝ ግን የመኪናዋን ኮምፒውተር የሚያነብ አንድ ርካሽ ኮድ ማንበቢያ ብሰካ ኖሮ ነገሩ ይታይ እንደነበር ማወቄ ነው። መካኒኩ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ኮምፒውተሩ የነዳጅ እርማቱን 17 በመቶ ወደ ላይ ገፍቶት ነበር። ጤነኛ ሞተር ላይ ይህ ቁጥር ዜሮ አካባቢ፣ 5 በመቶ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቢል ነው። ከ10 በላይ ሲሆን አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ለራሴም ለጓደኞቼም ብዙ መኪና አይቻለሁ። እንዴት እንደማይ ልንገራችሁ።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ እንዲጠብቀኝ ከቀጠሮው በፊት እጠይቃለሁ። ስደርስ መጀመሪያ እጄን ኮፈኑ ላይ አደርጋለሁ። ሞቆ ካገኘሁት ሌላ ቀን እመለሳለሁ እላለሁ። ሞተር ብዙ ምስጢሩን የሚያወጣው ቀዝቃዛ ሲነሳ ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ መሆኑን ይናገራል። እየሞቀ ሲሄድ የማይጠፋ ወፍራም ነጭ ጭስ ውኃ እየገባ ሊሆን ይችላል። ከላይ የሚሰማና ቶሎ የሚጠፋ ቀጭን ኳኳታ ብዙ ሞተር ላይ አለ። ከታች የሚመጣ፣ ነዳጅ ሲነካ አብሮ የሚፈጥን ደንዳና ድምፅ ግን የብሮንዚን (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ማረፊያ) ሊሆን ይችላል። ያኔ ቁልፉን እመልሳለሁ።

ቀጥሎ ኮድ ማንበቢያውን እሰካለሁ። በአሜሪካ ገበያ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የተሸጡ መኪኖች ሁሉ አንድ ዓይነት መሰኪያ አላቸው፤ የአውሮፓ የቤንዚን መኪኖችም ከ2001 ወዲህ። የማየው የብልሽት ኮድ መኖር አለመኖሩን ብቻ አይደለም። ኮምፒውተሩ የራሱን ምርመራ ጨርሷል ወይስ አልጨረሰም የሚለውን አያለሁ። ብዙዎቹ ምርመራዎች "አልተጠናቀቀም" ካሉ፣ ወይ ባትሪው ተነቅሏል ወይ አንድ ሰው በቅርቡ ኮድ አጥፍቷል። ሻጩን እጠይቃለሁ። ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ምርመራው እስኪጠናቀቅ ጥቂት ቀን ነድቶ እንዲጠራኝ እለምነዋለሁ።

ከዚያ ኮምፕሬሽን። ይህ አይታለፍም። ሻጩ ያመጣው መካኒክ ሳይሆን እኔ የመረጥኩት መካኒክ ይለካው። ቁጥሩ በራሱ ብዙ አይነግራችሁም። ከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ንባቡ ዝቅ ይላል፣ መለኪያውም ከመለኪያ ይለያል። የምታዩት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ደስ ይለኛል። ከ15 ካለፈ አልገዛም። ከተቻለ ሊክዳውን የሚባለውንም ምርመራ አስደርጉ። ሲሊንደሩ ውስጥ አየር ይገፋና ምን ያህሉ እንደሚያመልጥ ይለካል። ከ10 በመቶ በታች ጥሩ ነው። ከ20 በላይ ሲሆን አየሩ የሚወጣበትን ማዳመጥ ነው። በዘይት መሙያው በኩል ከተሰማ ሪንግ፣ በጭስ ማውጫው በኩል ከተሰማ ቫልቭ፣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ካስነሳ ጋርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለው መድፈኛ)።

አንዳንድ መኪና የራሱ ጥያቄ አለው። ማዝዳ አርኤክስ 8 ፒስተን የሌለው፣ የሚዞር ሮተር ያለው ሞተር ስለሆነ በተለመደው መለኪያ አይለካም፤ ለሮተር የተሠራ መለኪያ ያስፈልጋል። ኢ 46 የሚባለው የቢኤምደብሊው ኤም 3 ላይ የቢየላ ብሮንዚኑ መቼ እንደተቀየረና የኋላው እግር የተሰካበት የወለል ብረት መሰንጠቅ አለመሰንጠቁ ይጠየቃል። የምትገዙትን ሞዴል የታወቀ ድካም ሳታውቁ አትሂዱ። ሞዲፋይ የተደረገ መኪና የፋብሪካውን ድካም ይወርሳል፣ ከዚያ የራሱን ይጨምርበታል።

ስለ ፈረስ ጉልበት ወሬም አንድ ነገር ልበል። "400 ፈረስ ናት" ሲሏችሁ የት ተለካ በሉ። ሞተሩ ላይ ያለ ጉልበትና ጎማው ላይ የሚደርስ ጉልበት አንድ አይደለም። ካምቢዮና ዲፍረንሻል መንገድ ላይ ይበላሉ፤ ሰዎች በግምት 15 በመቶ ይላሉ፣ እንደ መኪናው ይለያያል። የዳይኖ (የመኪና ጉልበት የሚለካበት ማሽን) ወረቀት ካለ እሰየው። እኔ ግን ወረቀቱ ላይ ከጉልበቱ ይልቅ የአየርና ነዳጅ መስመሩን ነው የማየው። መስመሩ ሙሉ ጉልበት ላይ ወደ 13ና 14 ከወጣ የቱርቦ ሞተሩ እየተራበ ነው። ቀኑንም አያለሁ። ከወረቀቱ ቀን በኋላ የተገጠመ ዕቃ ካለ ወረቀቱ የሌላ መኪና ወረቀት ነው።

ዓይን ብቻውን የሚያገኘውም ብዙ ነው። ዳሽቦርዱ ሥር አጎንብሱ። ሽቦ በፕላስተር ተጠቅልሎ ከተንጠለጠለ ኮፈኑ ሥር ያለው ሥራም በዚያው እጅ የተሠራ ነው። ቁልፍ ስታዞሩ የኤርባግ መብራት በርቶ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አንድ ሰው ነክቶታል፤ የሩጫ ወንበር የተገጠመበት መኪና ላይ ይህ አለ። ጎማው ከውስጥ በኩል ብቻ ከተበላ መኪናዋ ዝቅ ተደርጋ አላይመንት (የጎማ አቀማመጥ ማስተካከያ) አልተሠራላትም። ከነጂው ጭንቅላት ጀርባ የተገጠመ የመገልበጫ መከላከያ ብረት ካለ በስፖንጅ መሸፈኑን እዩ፤ ሄልሜት ሳያደርጉ መንገድ ላይ ለሚነዱ ሰዎች ራቁት ብረት አደጋ ነው።

ሻጩን "ለምን ትሸጣታለህ?" ብላችሁ ጊዜ አታባክኑ። ሁሉም መልስ አዘጋጅቷል። ማን ገጠመው በሉ። ቱኑ በየትኛው ኦክቴን ነዳጅ ነው የተሠራው? ኦክቴን ነዳጁ ኖክን የመቋቋም አቅሙ ነው። ለ98 ኦክቴን የተሠራ ቱን ላይ 91 ከሞላችሁ ያው ኖክ ይመጣል። የቱኑ ፋይል በእጅህ ነው ወይስ በሠራው ሰው ዘንድ? የተነቀሉት ዕቃዎች የት አሉ? መኪናውን የሚወድ ሰው እነዚህን ሲጠየቅ ፊቱ ይበራል። ማውራት ይጀምራል። የሚቆጣ ሰው ካጋጠማችሁ ቁጣው ራሱ መልስ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ኢንሹራንሳችሁን ደውላችሁ የተቀየረውን ሁሉ ንገሩ፣ በጽሑፍ መልስ ያዙ። ካታሊቲክ ኮንቨርተር የተነቀለላት መኪና በብዙ አገር ዓመታዊ ምርመራ አታልፍም። ሁለቱም የዋጋው አካል ናቸው።

ሁለተኛዋን መኪና ለማግኘት ሰባት ወር ፈጀብኝ። አንዱ ሻጭ ኮምፕሬሽን አላስለካም አለኝ። "የሞተሯን ድምፅ ስትሰማ አታውቅም እንዴ?" አለኝ። አመስግኜው ሄድኩ። መንገድ ላይ ግን ልቤ ወደኋላ ይጎትተኝ ነበር፣ ውብ መኪና ነበረች። ያን ስሜት አውቀዋለሁ፤ ሲመጣባችሁ እሱም ያልፋል። ሌላኛዋ ላይ ደግሞ የኤርባጉ መብራት አልበራም።

በመጨረሻ ያገኘሁት ሁለተኛው ትውልድ ማዝዳ ኤምኤክስ 5 ነው። ባለ 1.8 ሊትር፣ ቱርቦ የሌላት፣ ክብደቷ አንድ ቶንን ጥቂት የምታልፍ ባለ ሁለት ወንበር መኪና። ሞተሯ አልተነካም። የተቀየሩት ሾክና ሞላዋ፣ ራዲያተሯ፣ የፍሬን ሸራዎቿ ናቸው፤ ከወንበሩ ጀርባም ስፖንጅ የለበሰ የመገልበጫ መከላከያ ብረት አላት። ስደርስ ኮፈኗ ቀዝቃዛ ነበር። አራቱም ሲሊንደሮች በ4 ፒኤስአይ ልዩነት ውስጥ ወጡ። ሥሯን በእጅ ባትሪ አየናት፣ ይህ ሞዴል የጎን ብረቱ ላይ ዝገት ይወዳልና። ደረቅ ነበረች።

ሻጯ አንዲት ሴት ናቸው፣ ለአሥራ አንድ ዓመት የነዷት። ፖስታ አወጡ። እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ደረሰኞቹን በቀን መደርደር ጀመርኩ። ሾኩ ማክሰኞ ተገጠመ። አላይመንቱ ሐሙስ ተሠራ። ራዲያተሩ ሲቀየር ቴርሞስታቱም በዚያው ቀን ተቀይሯል። "ምን እየፈለግህ ነው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ዝም ብለው ገቡና አንድ ካርቶን ይዘው ተመለሱ። ውስጡ ኦሪጅናሎቹ ሞላዎችና ሾኮች በጋዜጣ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል።

የጠየቁት 109 ነው። ስሌቴን አሳየኋቸው። መነሻ 100። ጎማዎቹ አልቀዋል፣ 3። የጨርቅ ጣሪያው ጠርዙ ላይ ተቀዷል፣ 3። ሾኩን፣ ብረቱን፣ ራዲያተሩንና ካርቶኑን እኔም ስለምፈልጋቸው 10 ጨመርኩ። 104። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ጣሪያው ላይ ትንሽ ተከራከርን። በ104 ተስማማን።

ካርቶኑ ቤቴ አለ። ባለፈው ሳምንት የፊት ፍሬን ሸራ ቀየርኩ። ደረሰኙ ጀርባ ላይ ኪሎሜትሩንና የገጠመውን ሰው ጻፍኩና ፖስታው ውስጥ ከኋላ በኩል ጨመርኩት።